እሳት ጫሪና ባለ ጀነሬተር

በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ለአንድ ዘመዳችን ተዝካር ወገዳ ሄጄ ነበር። ወገዳን ለማታውቁ፣ የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው በስተሰሜን ከጋይንት፣ በስተምዕራብ ከእስቴ ይዋሰናል፤ በታች በኩል ደግሞ አባይና በሽሎ ከጎጃምና ከወሎ ይለዩታል። ታዲያ ሻንጣዬን እንኳ በቅጡ ሳላስቀምጥ የከተማው መብራት ሄደ።

‹‹ሄደ›› ነው የሚባለው። የኛ ሰው ስለ መብራት ሲያወራ እንደ እንግዳ አድርጎ ነው፤ ‹‹መጣ››፣ ‹‹ሄደ››፣ ‹‹ዛሬስ ሳይመጣ ሊያድር ነው›› ይላል። መምጫውን የማይናገር፣ ሲሄድም የማይሰናበት እንግዳ!

ከተማው ጭልም ባለ በአምስተኛው ደቂቃ ከአንዲት አነስተኛ ሆቴል ጓሮ የጀነሬተር ገመድ ሲሳብ ተሰማ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ በሦስተኛው ‹‹ዱዱዱዱዱ…›› ብሎ ተነሣ። ሆቴሏ ቦግ አለች። እኔም እንደ ሌላው ሰው ብርሃን ወዳለበት ሄድኩ። ውስጥ ቴሌቪዥን አለ፣ ቀዝቃዛ ቢራ አለ። ግድግዳው ላይ ባለ ብዙ ሶኬት ጣውላ ተመቷል፤ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ እንደ ግልገል ተደርድሮ ይጠባል። በስልክ ጥቂት ብር ነው የሚከፈለው። እኔም ከፍዬ ስልኬን ሰካሁ፣ ቢራዬን አዘዝኩ፣ ጋዜጣዬን ዘረጋሁ።

በመሀል ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጀነሬተሯ አጥሩ ሥር ተቀምጣለች፤ የጢስ መውጫዋን ወደ ጎረቤት አዙረዋታል። ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ቤት በሯ ገርበብ ብሏል። በኩራዝ ብርሃን አንዲት ልጅ ደብተሯ ላይ አቀርቅራለች። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ደርሶባታል፤ ይህን የሰማሁት ከአያቷ ነው። ባለ ሆቴሉ በሃይላንድ ላስቲክ ቤንዚን ይዞ ሊሞላ ሲመጣ አያትየዋ በአጥሩ በኩል አናገሩት።

‹‹ልጀ፣ ብርሃኑ ላንተ፣ ጢሱ ለኔ ሆነ እኮ!››

‹‹ምን ላርግ እማየ፣ ንፋሱ ነው ወደናንተ የሚወስደው።››

‹‹ንፋሱስ ግዴለም። አንዲት ሽቦ በአጥሩ ላይ ብትወረውርልኝ ምን ይጎድልሃል? ይቺ ልጅ በኩራዝ ዓይኗ ጠፋ።››

ሰውዬው ቤንዚኑን እንደያዘ ቆመ። ‹‹ለርስዎ ብቻ ቢሆን አላንገራግርም ነበር። ለርስዎ ስሰጥ ከማዶ ያሉት ይመጣሉ፤ ለነሱ ብሰጥ የታች ሰፈሮቹ ይመጣሉ። ማንን ሰጥቼ ማንን እከለክላለሁ? ሞተሯ ደግሞ ፍሪጁን ካነሳች ትንፋሿ ያጥራል። ቤንዚኑንም እንደሚያዩት በላስቲክ ነው የምገዛው›› አላቸው።

‹‹እሱስ እውነትህን ነው›› አሉና ገቡ።

ብትቆጡ፣ ብትራገሙ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ‹‹እውነትህን ነው›› ብለው ገቡ፣ እሱ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ቤንዚኑን ሞላ። እኔም ተመልሼ ቢራዬን ጠጣሁ። ሰው እውነት ይዞ ለምን ያፍራል? ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የሚከነክነኝ ጥያቄ ይኼ ነው።

የዛሬን አያድርገውና ድሮ በየገጠሩ እሳት ይጫር ነበር። ክብሪት ውድ ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። ስለዚህ ማታ ፍሙ አመድ ለብሶ ያድራል፣ ጠዋት ይቆሰቆሳል። የጠፋበት ቤት ልጁን ገል ወይም ደረቅ ኩበት አስይዞ ጎረቤት ይልካል። ‹‹እሳት ጫሪ›› የምንለው ያ ልጅ ነው። እሳት የተጠየቀ ሰው ‹‹ማንን ሰጥቼ ማንን እከለክላለሁ›› አይልም። አምስት ልጅ ቢመጣ አምስቱም ጭሮ ይሄዳል። እሳት መጫጫር ያቆሙ ጎረቤቶች ካሉ ሽማግሌ የሚያስፈልገው ጠብ አለ ማለት ነው።

ይህ የኛ ብቻ ወግ አይደለም። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የኖረው ሮማዊው ሲሴሮ ለልጁ ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ ላይ ለማንም፣ ለማናውቀው ሰው እንኳ የማንነፍጋቸውን ነገሮች ይዘረዝራል፤ የሚፈስ ውኃ፣ ከእሳት ላይ የሚወሰድ እሳትና ለተቸገረ የሚሰጥ ቅን ምክር ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ተቀባዩን ይጠቅማሉ፣ ሰጪውን አያጎድሉም። ወዲያው ግን ልክ ያበጅለታል። የሰው ሀብት ትንሽ ነው፣ ችግረኛው ደግሞ ማለቂያ የለውም፤ ስለዚህ ስትሰጥ የራስህ መብራት እስከማይጠፋ ድረስ ይሁን ይላል።

የወገዳው ባለ ሆቴል ሲሴሮን ባያነብም የተናገረው ይህንኑ ነው። ፍም ሲሰጡት አያልቅም፣ ቤንዚን ግን ያልቃል። ፍም ጢሱን ከነብርሃኑ ነው የሚሰጠው፣ ጀነሬተር ግን ብርሃኑን ለባለቤቱ አስቀርቶ ጢሱንና ጩኸቱን ለጎረቤት ያካፍላል። እንግዲያው የድሮው የእሳት ጫሪ ሕግ ለጀነሬተር ዘመን አይሠራም ማለት ነው?

እኔም ለጊዜው እንዲያ ብዬ ራሴን አረጋግቼ ነበር። ነገሩን በቁጥር ያሰላሁት ዘግይቼ ነው፤ በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ቀንሶ ፈረቃ ሲታወጅ እኔም አዲስ አበባ ለቤቴ ባትሪና ኢንቨርተር ልገዛ ተነሣሁ። ሻጩ በወረቀት ላይ እያሰላ የትኛው አምፖል ስንት እንደሚበላ ሲያስረዳኝ የወገዳዋ ጓሮ ትዝ አለችኝ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ትንሽ የቤንዚን ጀነሬተር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለማመንጨት ግማሽ ሊትር ያህል ይጠጣል። የዛሬው ኤልኢዲ አምፖል አምስት ዋት ነው። አራት ሰዓት ቢበራ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ሃምሳኛ ይፈጃል። በቤንዚን ሲመነዘር 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ! ያቺ ልጅ አንድ ምሽት ሙሉ ብታጠና የሆቴሉ ወጪ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤንዚን ነበር። ‹‹ከማዶ ያሉትም ይመጣሉ›› አይደል ያለው? ሃያ ቤት ይምጣ እንበል። ሃያ አምፖል አንድ ላይ መቶ ዋት ነው፤ የድሮው አንድ ባለ መቶ ሻማ አምፖል ብቻውን የሚበላውን ያህል ማለት ነው።

ሰውዬው ውሸታም አልነበረም። የሚያስበው በድሮው አምፖል ነበር፤ እኔም እንደሱ፣ አያትየዋም እንደሱ። ሦስታችንም ሳናውቀው ብርሃን እንደገና ወደ ፍም ተጠግቷል፤ ቢሰጡት ብዙም የማያጎድል ነገር ሆኗል። የጠፋው ቤንዚኑ ሳይሆን ሥርዓቱ ነው። ለፍም ሥርዓት ነበረን፤ ማን ይጠይቃል፣ በምን ይወሰዳል፣ ማን እምቢ ማለት አይችልም የሚለው የታወቀ ነው። ለሽቦ ግን ገና አላበጀንም። ሽቦውን ማን ይገዛል? ቤንዚኑን ማን ያዋጣል? አንዱ በአምፖሉ ፋንታ ምድጃ ቢሰካስ ማን ይዳኛል? እድርና ወንፈል ላበጀ ሕዝብ ይህ የሚያቅት አልነበረም።

ይህን ሁሉ ካሰላሁ በኋላ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ባትሪዬን ገዝቼ፣ በሬን ዘግቼ፣ ብቻዬን አበራሁ።

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ባትሪ ከጀነሬተር የሚሻልባቸው ነገሮች አሉ፤ አይጮህም፣ አይጨስም። አደጋ እንኳ ብታስቡ ዝግ ቤት ውስጥ የሚነሣ ጀነሬተር ሽታ በሌለው ጋዝ ሰው ይገድላል። ባትሪ የሚከፋበት አንድ ነገር ግን አለ። ጀነሬተር ቢያንስ ባለቤቱን ያሳብቅበታል። ሰፈሩ ሁሉ ‹‹እገሌ አበራ›› ይላል፤ ጎረቤት በአጥር በኩል ‹‹ልጀ›› ብሎ ይጣራል። ባትሪ ግን ዝም ነው። ከዋናው መስመር ወደ ባትሪ ሲሻገር አምፖሉ እንኳ ብልጭ ብሎ አይነግራችሁም።

አንድ ምሽት ቴሌቪዥን እያየሁ የሰፈሩ ልጆች ‹‹መጣ! መጣ!›› እያሉ ሲጮሁ ሰማሁ። መብራት መምጣቱ ነው። እኔ ግን መሄዱንም አላወቅሁ። ጎረቤቶቼ ለሦስት ሰዓት ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ ከእነሱ ቤት የሚለየኝ አንድ ግድግዳ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌላም ነገር ታዘብኩ። ባትሪውን ከመግዛቴ በፊት የሰፈሩ ዋና ጯሂ እኔ ነበርኩ። የብልሽት መጥሪያውን ቁጥር በቃሌ ይዤ እደውላለሁ፣ አቤቱታ ጽፌ አስፈርማለሁ፣ ‹‹ትራንስፎርመሩ ከአቅም በላይ ተጭኗል›› እያልኩ ቢሮ ለቢሮ እዞራለሁ። ባትሪው ከገባ በኋላ አንድ ቀን እንኳ አልደወልኩም። ማንም አላስገደደኝም፤ ጉዳዬ አልሆነምና ተውኩት።

አልበርት ሂርሽማን የሚባል የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ ነገር ጽፏል። የናይጄሪያ ባቡር የጭነት መኪና እየተፎካከረው ለምን አልተሻሻለም ብሎ ይጠይቃል። ፉክክር ያነቃዋል ተብሎ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ አገልግሎቱ ሲበላሽ አቤት ብለው የሚያንቀጠቅጡት ደንበኞች በቀላሉ ወደ ጭነት መኪና ዞሩ። ባቡሩ ላይ የቀሩት ድምፅ የሌላቸው ናቸው። ስለዚህ የሚያንቀጠቅጠው ጠፋ።

በጀነሬተርና በባትሪ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። መብራት ሲጠፋ ቀድሞ ጨለማውን የሚሸሸው ገንዘብ ያለው፣ የተማረው፣ ቢሮ ገብቶ የሚሰማው ሰው ነው። የሆቴሉ ባለቤትና እኔ ወጣን፤ በሰልፉ ላይ የቀሩት የወገዳዋ አያትና የልጅ ልጃቸው ናቸው። የሳቸውን ጩኸት ማን ይሰማል?

ናይጄሪያን ካነሣን አይቀር ሌላም ልጨምር። እዚያ አገር ትንሿን ርካሽ ጀነሬተር ሕዝቡ ያወጣላት ቅጽል ስም አለ፤ ‹‹ከጎረቤቴ እሻላለሁ›› ይሏታል። ቀልድ ነው፣ ግን የአንድን ኅብረተሰብ ቁስል የሚያሳይ ቀልድ ነው። ጨለማውን ማሸነፍ ሲያቅት ጎረቤትን ማሸነፍ ይቀራል።

ታዲያ ‹‹በጋራ እንግዛዋ›› ቢባልስ? እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ቤይሩት ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችንን ጠይቋቸው። ሊባኖስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1990 ከቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ወዲህ እያንዳንዱ ሰፈር በወር ክፍያ መብራት የሚሸጥ ባለ ጀነሬተር አለው፤ ክፍያውን ‹‹ኢሽቲራክ›› ይሉታል። መጀመሪያ ችግር መወጫ ነበር። እያደር ግን ባለ ጀነሬተሮቹ ጉልበት አበጁ፤ የመንግሥት መብራት ቢስተካከል የሚከስሩ ሰዎች ሆኑ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ሁለቱ ዋና የኃይል ማመንጫዎች ነዳጅ አልቆባቸው ሲቆሙ ሕዝቡ በእነሱ እጅ ወደቀ። ስለዚህ የጋራ ሲባልም የማን የጋራ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሰፈሩ የያዛት ናት ወይስ ሰፈሩን የያዘች?

በኛም አገር መብራት የገባው በጀነሬተር ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የዳግማዊ ምኒልክን ቤተ መንግሥት ለማብራት። ከዚያ የአባ ሳሙኤል ግድብ ተከተለ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ የመጀመሪያው የጢስ አባይ ማመንጫ። ነገሩ ከቤተ መንግሥት ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ሰፈር ሲሰፋ የመጣ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ ሲጀመር ከሊስትሮ እስከ ሚኒስትር፣ ከገበሬ እስከ ነጋዴ አዋጣ፣ ቦንድ ገዛ። ግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ‹‹አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል›› የሚለውን ተረት ሻርነው አልን።

እውነት ነው፣ ሻርነው። የስማዳ ዝናብ በበሽሎና በአባይ ወርዶ እዚያው ግድብ ይገባል። ውኃው ከወገዳ ቆላ ነው የሚሄደው፤ ብርሃኑ ወደ ወገዳ እስኪመለስ ግን ረጅም መንገድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እስከ 2025 ለሁሉም ዜጋ ኤሌክትሪክ ለማዳረስ አልሞ ነበር፤ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ በፀሐይ ኃይልና በመሳሰለው። ዓመቱ አልፏል፤ ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ግን ገና አልደረሰውም። ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ ተሸክሞ ከአያትየዋ ቤት ማድረስ ሌላ ነገር ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ አገራችን በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞራለች። ይህን ያደረገ ሌላ አገር አልነበረም። ኃይላችን በአብዛኛው ከውኃ ስለሆነ ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነዳጅ በዶላር ከመግዛት በወንዛችን መሄድ ይሻላል። ግን አንድ ወዳጄ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። አንድ ሌሊት መብራት ሄደ፣ ጠዋት ደግሞ መንገድ አለበት። ግቢው ውስጥ ያለውን የናፍጣ ጀነሬተር አስነሣና መኪናውን ሲሞላ አደረ! ሰፈሩ እንቅልፍ አጣ። ጀነሬተር በናፍጣ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሊትር ሲሶ ቢፈጅ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ለመሙላት ሃያ ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ‹‹ናፍጣ የሚጠጣ የኤሌክትሪክ መኪና›› ብለን ሳቅንበት።

ከሳቁ በኋላ ያቺን የማንኪያ ስሌቴን አወጣሁ። ያ ባትሪ የያዘው ኃይል፣ በመንገድ የሚባክነውን ሳንቆጥር፣ መቶ ቤቶችን በአንድ አንድ አምፖል፣ በምሽት አራት አራት ሰዓት፣ ለሠላሳ ሌሊት ያበራል። ለነገሩ ከመኪናው ላይ ሽቦ ስቦ ቤት ማብራት የሚቻልባቸው ሞዴሎችም አሉ። ወዳጄ መኪናውን ሸጦ ለሰፈሩ አምፖል ይግዛ እያልኩ አይደለም፤ ሠርቶ የገዛው ነው። ነገር ግን አገር ምድሩ ጨልሞ ግቢያችን ውስጥ ይህን የሚያህል ብርሃን ታሽጎ ሲቆም የድሮ ሰዎች ‹‹የጋን ውስጥ መብራት›› ያሉት ትዝ ይለኛል።

እንዳትሳሳቱብኝ፣ ለራስ መጠባበቂያ ማበጀት ኃጢአት ነው አልልም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ይበላሻል፤ አዋላጅ ነርስ በስልክ መብራት ልታዋልድ አይገባትም። ወፍጮ ቤት ሲቆም ሰፈሩ ጾሙን ያድራል። የሆቴሉ ሰውዬም ጀነሬተር ባይገዛ አያትየዋ የተሻለ አይበራላቸውም፤ እኩል ጨለማ ደግሞ ፍትሕ አይባልም። ጥያቄው ‹‹ለምን አበራህ?›› ሳይሆን ‹‹ካበራህ በኋላስ?›› ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ብቻውን ያበራ ሰው ሦስት ዕዳ አለበት። አንደኛ፣ የብርሃኑን ጢስና ጩኸት በጎረቤቱ አጥር ላይ አይጣል። ይህ ችሮታ አይደለም፣ የጎረቤት መብት ነው። ሁለተኛ፣ ፍም የሚያህለውን ይስጥ፤ ለተማሪ አንድ አምፖል፣ ለስልክ አንድ ሶኬት። ከዚያ በላይ ያለውን ሰፈሩ በመዋጮና በውል ያበጀው፤ ማንም ሰው የሰፈር ሁሉ መብራት ኃይል ሊሆን አይገደድም። ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው፣ ከሰልፉ አይውጣ። ቤቱ ቢበራም ጨለማ ውስጥ እንዳለ ሰው ይደውል፣ ይፈርም፣ ይጠይቅ። ድምፅ ያለው ሰው ሲወጣ ሰልፉ ድምፅ አልባ ይሆናልና።

የወገዳዋ ልጅ ሚኒስትሪውን ትለፍ አትለፍ አላውቅም፤ አልጠየቅሁም። ማታውኑ ‹‹የልጅቱን ቤንዚን እኔ እከፍላለሁ፣ ሽቦውን ብቻ ወርውርላቸው›› ብል ኖሮ ዋጋው ከቢራዬ ዋጋ አይደርስም ነበር። አላልኩም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ እኔ ግን የሩቅ ዘመድ ተዝካር ልበላ ሄጄ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ጎረቤት ሳላይ ተመለስኩ።

እናንተም መብራት በሚሄድበት ምሽት፣ ጀነሬተሩ ከተነሣ ወይ ባትሪው ከተቀበለ በኋላ፣ እስቲ አንዴ ወደ በራችሁ ውጡና ግራና ቀኝ ተመልከቱ። ኩራዝ የሚታይበት ቤት ካለ፣ ሽቦው ስንት ሜትር እንደሚፈጅ ለኩት።